ከውጊያ መሃል ጌሙን ዘግቶ መሸሽን በማይንክራፍት ሰርቨራችሁ ላይ እንዴት ታስቆማላችሁ?

ሁለት ተጫዋቾች እየተዋጉ ነው። አንዱ የቀረው ሁለት ልብ (የሕይወቱ መለኪያ) ብቻ ነው። ሌላው ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታው ሲል ሰውዬው ከቦታው ጠፋ። አልሞተም፣ ሮጦም አላመለጠም። ጌሙን ዘግቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ በአካባቢው ማንም የለም። ሥጋውን በልቶ ልቡን ይሞላል። ውድ የሆነው የኔዘራይት ጥሩሩም ሰይፉም እንዳለ ነው። በአግባቡ ተዋግቶ ሊያሸንፍ የነበረው ልጅ ግን ባዶ እጁን ቀረ።

ተጫዋቾች ይህን ኮምባት ሎግ ይሉታል። ሰው ከሰው የሚዋጋበት ሰርቨር የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው አድርጎት ምንም ሳይሆን ከቀረ፣ ሌሎቹም ቶሎ ይማሩታል። ከዚያ በኋላ ማንም በውጊያ የሚያጣው ነገር አይኖርም። ማሸነፍም ደስ ማለቱ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ፔፐር በሚባለው ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨር ላላችሁ ነው። ከጓደኞች ጋር የምትጫወቱበት ትንሽ ሰርቨር ቢሆንም፣ ብዙ ሰው የሚገባበት ቢሆንም አካሄዱ አንድ ነው። ማይንክራፍትን የመረጥኩት ሰርቨሩ በእጃችሁ ስለሆነ ነው። የጌሙን ሠሪ ድርጅት ደጅ መጥናት የለባችሁም፤ ዛሬ ማታ ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ትልልቆቹ ጌሞች ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ከከተማና ከማረፊያ ቤት ውጭ ሎግ አውት ስትሉ 20 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ። ኤሊት ዴንጀረስ አደጋ ላይ ያለ ተጫዋች በሜኑ ሲወጣ 15 ሰከንድ ያስቆጥረዋል። ኢቭ ኦንላይን ከሁሉም ይጠብቃል። ከሌላ ተጫዋች ጋር ውጊያ ከጀመራችሁ፣ ብትወጡም መርከባችሁ እስከ 15 ደቂቃ ጠፈር ላይ ትቆያለች። እሷን መምታት ከቀጠሉ ደግሞ ቆጠራው ይታደሳል። ረስት ውስጥ ሰውነታችሁ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ያገኘው ሰው ሊገድለውና ሊዘርፈው ይችላል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም «ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው ወይስ ኔትወርክ ጠፍቶበት ነው?» ብለው በዚያች ሰከንድ አይፈርዱም። ሰርቨር የሰው ልብ አያይም። የሚያደርጉት የመውጣትን ጥቅም ማጥፋት ነው። መውጣት ካላዳነ ማንም ለማምለጥ ብሎ አይወጣም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። በተለይ መብራትና ኔትወርክ በየጊዜው ለሚጠፋባቸው ተጫዋቾች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሰርቨሩ ምን እንደሚያይ እወቁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ኋላ ላይ ቅሬታ ሲመጣ የምትፈርዱት በዚህ ነው።

ተጫዋቹ ከሜኑው ላይ ዲስኮኔክት ሲል ኮምፒውተሩ ለሰርቨሩ መስመሩን እንደዘጋ ይነግረዋል። ሰርቨሩም ወዲያው ያወጣዋል። ኦልት ኤፍ ፎር ተጭኖ ጌሙን ቢዘጋውም ውጤቱ ያው ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መስመሩን ይዘጋለታል። የሰርቨሩ ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ቃል «ዲስኮኔክትድ» ነው።

መብራት ሲጠፋ ወይም ዋይፋዩ ሲቆረጥ ግን ለሰርቨሩ የሚነግረው የለም። ሰርቨሩ ተጫዋቹ አሁንም ያለ ይመስለዋል። በየመሃሉ «አለህ ወይ?» የሚል ትንሽ መልእክት ይልካል። መልስ ሲያጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ያወጣዋል። ሎጉ ላይ «ታይምድ አውት» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ልብ በሉ። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ገጸ ባሕርዩ መሬት ላይ ቆሟል። መልሶ አይመታም፣ አይሮጥም። ተቃዋሚው እንደፈለገ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ዋጋውን ቀድሞውኑ ከፍሏል። ብልጥ ነኝ ብሎ የኢንተርኔት ገመዱን የሚነቅል ልጅም እንደዚያው ቆሞ ይመታል። በነፃ የሚያመልጠው መስመሩን በቅጡ ዘግቶ የወጣው ነው። ዋናው ሥራችሁ እሱ ላይ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ይህ ምልክት ሊያሳስታችሁ ይችላል። አንደኛው ቬሎሲቲ ወይም ባንጂኮርድ ተጠቅማችሁ ብዙ ሰርቨር ያገናኛችሁ እንደሆነ ነው። ከተጫዋቹ ጋር የሚነጋገረው መሃል ያለው ፕሮክሲ (አገናኝ ፕሮግራም) ነው። የተጫዋቹ ኔትወርክ ሲጠፋ ፕሮክሲው ራሱ መስመሩን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ የውስጡ ሰርቨር ሰውዬው በፈቃዱ የወጣ አድርጎ ይጽፋል። ሁለተኛው ጋይሰርን ጭናችሁ በስልክ የሚጫወቱትን የምታስገቡ ከሆነ ነው። ጋይሰርም መሃል ላይ ነው የሚቆመው። በስልክ የሚጫወት ልጅ ስልክ ሲደወልለት ወይም ሌላ አፕ ሲከፍት ሊቋረጥበት ይችላል። እንደዚህ ዓይነት ሰርቨር ካላችሁ የዋናውን ሰርቨር ሎግ ብቻ አትመኑ። የፕሮክሲውንና የጋይሰርን ሎግም አብራችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 1፦ ሕጉን አስቀድማችሁ ጻፉ

ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ከማውረዳችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን መልሱ። ውጊያ የሚጀምረው መቼ ነው? የሚያበቃው መቼ ነው? በመሃል የወጣ ሰው ምን ይሆናል? ኔትወርኩ የጠፋበትስ? አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ከሌሎቹ አድሚኖች ጋር በዚህ ካልተስማማችሁ፣ ኋላ አንዱ የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል። ተጫዋቾች ደግሞ የትኛው አድሚን ለስላሳ እንደሆነ ቶሎ ይለያሉ።

ደረጃ 2፦ ባክአፕ ያዙና ፕለጊኑን ጫኑ

ሰርቨሩን አጥፉ። የዓለሞቹን ፎልደሮችና የፕለጊን ፎልደሩን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ከተቻለ በዚያው ኮፒ ላይ የሙከራ ሰርቨር ክፈቱ። ሰው ዕቃ የሚያጣበትን ሥርዓት ተጫዋቾች ባሉበት ሰርቨር ላይ መሞከር ተገቢ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት ፕለጊኖች መካከል ኮምባት ሎግ ኤክስና ፒቪፒ ማኔጀር አሉ። እኔ ኮምባት ሎግ ኤክስን እመርጣለሁ። ተጨማሪ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየመረጡ ማብራትና ማጥፋት ስለሚቻል ነው። ብሉ ስላይም ኮር የሚባል ሌላ ፕለጊን አብሮት መጫን አለበት፤ ያለ እሱ አይነሳም። ሁለቱንም ከሰርቨራችሁ ስሪት ጋር የሚሄዱትን መርጣችሁ የፕለጊን ፎልደሩ ውስጥ አስገቡ። ሰርቨሩን አንድ ጊዜ አስነሱና የማስተካከያ ፋይሎቹ እስኪፈጠሩ ጠብቁ። ከዚያ መልሳችሁ አጥፉትና ወደ ማስተካከሉ ግቡ።

ደረጃ 3፦ የታጉን ጊዜ ወስኑ

ፕለጊኑ የሚሠራው ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች ሌላውን ሲመታ ሁለቱንም ታግ ያደርጋል። ታጉ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ውጊያ ላይ እንዳሉ ይቆጠራል። በተመታ ቁጥር ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አድርጉት። ከ10 በታች ከሆነ ተጫዋቹ ዛፍ ዞሮ፣ ሁለት ግድግዳ ሠርቶ ታጉ ሲያልቅ በሰላም ይወጣል። ከ30 በላይ ከሆነ ደግሞ በአግባቡ ያመለጠውን ሰው ትጎዳላችሁ። ሮጦ ማምለጥ የጨዋታው አካል ነው። ተቃዋሚው ካልደረሰበት ውጊያው አልቋል፤ መውጣት መብቱ ነው።

ደግሞም የምናወራው ስለ ቤት ልጆች ነው። እናቱ ለሱቅ ልትልከው ስትጠራው፣ 20 ሰከንድ «እሺ፣ መጣሁ» ለማለት ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ግን ከቤተሰብ ጋር ያጣላል።

የ20 ሰከንድ ታግ ሌላም ጥቅም አለው። ኔትወርኩ ጠፍቶበት የቆመውን ተጫዋች ማንም ካልነካው፣ ሰርቨሩ ከማውጣቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ታጉ ራሱ ያልቃል። ሳይቀጣ ይወጣል ማለት ነው። ምንም ተጨማሪ ሥራ ሳትሠሩ ፍትሕ አገኘ።

ደረጃ 4፦ ታግ የሚያስነሳው ምን እንደሆነ ለዩ

በሰይፍ መምታት ብቻ ከሆነ የምትቆጥሩት ሥራው ግማሽ ነው። ቀስት፣ የሚወረወር መርዝ፣ የሰለጠነ ውሻ፣ ቲኤንቲና ኤንድ ክሪስታል (ሲመታ የሚፈነዳ ዕቃ) ሁሉ ሰው ይገድላሉ። በተለይ ኤንድ ክሪስታልን አትርሱ። ጉዳቱን ያደረሰው ፍንዳታው ስለሚመስል፣ ከፍንዳታው ጀርባ ያለውን ተጫዋች ለይቶ ለማወቅ ኮምባት ሎግ ኤክስ ላይ ለብቻው የሚበራ ተጨማሪ ክፍል አለ።

ታጉ ሁለቱንም ይያዝ፤ መቺውንም ተመቺውንም። አንዳንድ አድሚን ተመቺውን ብቻ ታግ ያደርጋል። ያኔ አጥቂው መጥቶ ይመታና ነገሩ ሲከፋበት ወጥቶ ይሄዳል። ይሄ ከመጀመሪያው ችግር ይብሳል።

ዞምቢና ስኬለተን ሲመቱትስ? እኔ አጥፉት እላለሁ። ከፍጡር ሸሽቶ የወጣ ሰው የበደለው ማንም የለም። ሰርቨራችሁ በጣም ከባድ የመትረፍ ጨዋታ ካልሆነ በቀር ሰውን በዞምቢ ምክንያት አታስሩ።

ደረጃ 5፦ ሌሎቹን በሮች ዝጉ

ዲስኮኔክት ማድረግን ስትዘጉ ተጫዋቾች ሌላ በር ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው በር የቴሌፖርት ትዕዛዝ ነው። ታግ ላይ ያለ ሰው ወደ ስፓውን (መነሻ ቦታው)፣ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ጓደኛው መዝለል መቻል የለበትም። የተከለከሉትን ትዕዛዞች ስትዘረዝሩ አጫጭር ስሞቻቸውንም ጨምሩ። አንዱን ትዕዛዝ በሦስት ስም መጥራት የሚቻልባቸው ፕለጊኖች አሉ፤ አንዱን ስታግዱ ሁለቱ ክፍት ይቀራሉ። እኔ ተገልብጦ ቢሠራ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁሉንም ከልክሉና የሚፈቀዱትን ብቻ ጻፉ፤ መልእክት መላክ፣ እርዳታ መጠየቅ፣ ሪፖርት ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው በር የሰላም ቀጠና ነው። ወርልድ ጋርድ በሚባለው ፕለጊን ውጊያ የከለከላችሁበት ቦታ ካለ፣ እየተዋጋ ያለ ሰው አንድ እርምጃ ገብቶ ይድናል። ታግ ያለበትን ሰው ከድንበሩ የሚመልስ ቅንብር አለ፤ አብሩት። ሌላው ቢቀር ታጉ እስኪያልቅ እዚያ ውስጥም መመታት ይቻል።

የኤንደር ቼስት (ባለቤቱ ቢሞትም ውስጡ ያለው ዕቃ የማይወድቅበት ሣጥን) ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሊሞት መሆኑን ያወቀ ሰው ከፍቶ ውድ ዕቃውን ሁሉ ይከታል። ከዚያ ቢሞትም አይጨነቅም። ታግ ላይ ሳለ አይከፈት። ኤሊትራንም (መብረሪያ ክንፉን) ማገድ ትችላላችሁ፤ ይሄ ግን የሰርቨራችሁ ጠባይ ነው። ኤንደር ፐርልን (ወርውረውት ወደ ወደቀበት የሚዘሉበትን ዕንቁ) ግን ተዉት። ወርውሮ ማምለጥ ችሎታ ነው፣ ከፍሎም ነው ያገኘው።

የመጨረሻው በር በጣም ተንኮለኛ ነው፤ ሆን ብሎ መባረር። ብዙ አድሚኖች «ሰርቨሩ ያባረረው ሰው አይቀጣ» የሚል ቅንብር ያበራሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ተጫዋቾች ግን ቻት ላይ በፍጥነት እየደጋገሙ ይጽፋሉ፤ ሰርቨሩ በስፓም ያባርራቸዋል፤ ከነዕቃቸው ይድናሉ። ወይም በዚያው አካውንት ከሌላ ኮምፒውተር ይገባሉ። ያኔ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ያስወጣዋል፣ ይህም መባረር ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ነፃ የሚወጣው አድሚን በእጁ ያባረረው ብቻ መሆን አለበት። የስፓም መባረርና ከሌላ ቦታ የመግባት መባረር ራስ እንደመውጣት ይቆጠሩ።

ደረጃ 6፦ ሲወጣ ምን ይሁን?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሦስት ምርጫ አላችሁ።

የመጀመሪያው ወዲያው መግደል ነው። ታግ እያለበት የወጣ ሁሉ ይሞታል፣ ዕቃው መሬት ላይ ይወድቃል። ለማዘጋጀት ቀላል ነው። ብዙ ሰርቨር የሚጠቀመውም ይህን ነው። እኔ ግን አልወደውም። ሙሉ ልብ ያለውና እያሸነፈ የነበረ ልጅ በጋይሰር በኩል ሲቋረጥበት ሰርቨሩ በአንድ ሴኮንድ ይገድለዋል። ያልደከመበት ተቃዋሚ ዕቃውን ያነሳል። ይህ ዳኝነት አይደለም።

ሁለተኛው ሲመለስ መግደል ነው። ይሄ ደግሞ ተቃዋሚውን ምንም አይጠቅመውም። ዕቃው የሚወድቀው ሰውዬው በተመለሰ ሰዓት ነው፤ ያኔ ተቃዋሚው የት እንዳለ ማን ያውቃል።

ሦስተኛው ሰውነቱን ማስቀረት ነው። ተጫዋቹ ሲወጣ በእሱ መልክ፣ የእሱን ልብና የእሱን ዕቃ የያዘ ሰውነት እዚያው ቦታ ይቆማል። ተቃዋሚው መምታቱን ይቀጥላል። ከገደለው ዕቃው ይወድቃል፣ ሰውዬውም ሲመለስ ሞቶ ያገኘዋል። ካልገደለው ጊዜው ሲያልቅ ሰውነቱ ይጠፋል፣ ሰውዬውም ከቀረው ልብ ጋር ይመለሳል። ኮምባት ሎግ ኤክስ ይህን የሚያደርገው ሲቲዝንስ ከሚባለው ፕለጊን ጋር ተገናኝቶ ነው። ሲቲዝንስን ጫኑ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር የሚያገናኘውን ተጨማሪ ክፍል አብሩ።

እኔ የምመክረው ይህን ሦስተኛውን ነው። በፈቃዱ የወጣው ከማንኛውም ቆሞ ከሚመታ ሰው የተለየ ጥቅም አያገኝም። ኔትወርክ የጠፋበትም ቢሆን ከሚገባው በላይ አይጎዳም። ሰውነቱ የሚቆይበትን ጊዜ 30 ሰከንድ አድርጉት። በራሱ ኔትወርክ ከጠፋበት ሰው ጋር እኩል ይሆናል።

ታይም አውት የሆነውን ሰው ሰውነት ሁለተኛ ጊዜ አታስቀሩ። እሱ ቀድሞ ቆሟል። ፕለጊን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ፔፐር ተጫዋች ሲወጣ ምክንያቱን ይሰጣችኋል። በፈቃዱ መውጣት፣ መባረር፣ ታይም አውት መሆንና የስህተት ሁኔታ ተለያይተው ይመጣሉ። በዚያ መለየት ትችላላችሁ። ፕለጊናችሁ ካልለየ ግን አትጨነቁ። ሁሉም ላይ ሰውነቱን ማስቀረት ሁሉንም ከመግደል በእጅጉ ይሻላል።

ጥቂት ነገሮችን ደግሞ ከቅጣት ውጭ አድርጉ። ሰርቨሩን ሪስታርት ስታደርጉ ከአንድ ደቂቃ በፊት አስታውቁና ከመጥፋቱ በፊት ታጎቹን ሁሉ አንሱ። ሰርቨሩ ራሱ ተንገዳግዶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሰው አብሮ ከወጣ ችግሩ የእናንተ ነው፤ ማንም አይቀጣ። የተጎዳም ካለ ዕቃውን መልሱለት።

ደረጃ 7፦ ተጫዋቹ እንዲያውቅ አድርጉ

ታግ መደረጉን ያላወቀን ሰው መቅጣት ግፍ ነው። ከስክሪኑ በታች ባለው መስመር ላይ ቆጠራው ይታይ። መልእክቶቹን በአማርኛ ጻፏቸው። ማይንክራፍት የአማርኛ ፊደል ያሳያል። የመልእክት ፋይሉን ስታስቀምጡ ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አድርጉት፤ አለበለዚያ ተጫዋቹ የሚያየው የጥያቄ ምልክት ነው። እንደዚህ ዓይነት አጭር ቃል ይበቃል፦

«ውጊያ ላይ ነህ። አሁን ከወጣህ ሰውነትህ እዚሁ ይቀራል። 18 ሰከንድ።»

ሲያልቅ፦ «ውጊያው አልቋል። መውጣት ትችላለህ።»

ሴቶች ልጆችም ስለሚጫወቱ «ውጊያ ላይ ናችሁ» ብላችሁ ብትጽፉት ለሁሉም ይሆናል። «ፈሪ» የሚል ቃል አትጻፉ። አንዳንድ ሰርቨር ላይ ሰው ሲወጣ «እገሌ ፈርቶ ሸሸ» የሚል ማስታወቂያ ለሁሉም ይወጣል። የወጣው ልጅ ቤት መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሲመለስ ስሙ ጠፍቶ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 8፦ ከመክፈታችሁ በፊት ፈትኑ

ሁለት ሰው ያስፈልጋችኋል። የሙከራ ሰርቨሩ ላይ ግቡና በየተራ አድርጉት። አንዱ ሌላውን ይምታና ከሜኑው ይውጣ። ቀጥሎ ጌሙን በኦልት ኤፍ ፎር ይዝጋ። ከዚያ ገመዱን ይንቀል ወይም ዋይፋዩን ያጥፋ። በየጊዜው ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ ሰውነቱ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ሎጉ ምን ብሎ ጻፈ፣ ሲመለስ ዕቃው በትክክል አለ ወይ።

የመጨረሻው በጣም ወሳኝ ነው። ሰውነቱ ተገድሎ ዕቃው ወድቆ፣ ሰውዬው ሲመለስ ደግሞ ያው ዕቃ ኪሱ ውስጥ ካለ ዕቃ ተባዝቷል። እንዲህ ያለ ክፍተት የሰርቨሩን ኢኮኖሚ ባጭር ጊዜ ያበላሸዋል። ደጋግማችሁ ፈትኑት።

ከዚያ አስቸጋሪዎቹን ሞክሩ። ኔዘር ፖርታል ውስጥ ገብቶ ወዲያው መውጣት። ፈረስ ላይ ሆኖ መውጣት። ከሌላ ኮምፒውተር በዚያው አካውንት መግባት። ታግ እያለ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ። ጋይሰር ካላችሁ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ። ብዙ ሰርቨር ካገናኛችሁ ደግሞ ታግ እያለ ወደ ሌላው ሰርቨር መዝለል፤ ለውስጡ ሰርቨር ይህም እንደመውጣት ነው።

ደረጃ 9፦ ቅሬታ ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። «ወንድሜ፣ መብራት ጠፍቶብኝ ነው» የሚለው ልጅ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንድ ቀን ላይ ተመሥርታችሁ አትፍረዱ። መዝገብ ይኑራችሁ። ታግ እያለ ሰው በወጣ ቁጥር ስሙ፣ ሰዓቱ፣ ተቃዋሚው፣ የቀረው ልብ፣ የመውጫው ምክንያትና የተመለሰበት ሰዓት ይጻፍ። ሰርቨሩ የቆዩ ሎጎችን በራሱ በየቀኑ ጨምቆ ያስቀምጣል፤ አትደምስሷቸው።

ከዚያ መዝገቡን እንዲህ አንብቡት። ከውጊያ ውጭም ይቋረጥበታል ወይ? ማዕድን ሲቆፍርም፣ ቤት ሲሠራም ታይም አውት የሚሆን ሰው ኔትወርኩ ደካማ ነው። የሚቋረጥበት ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ልብ ሲቀረው ብቻ ከሆነ፣ ያው ገብቷችኋል። ስንት ሰዓት ላይ ተመለሰ? ሠፈሩ መብራት የጠፋበት ሰው በአንድ ደቂቃ አይመለስም፤ በሞባይል ዳታ ካልሆነ በቀር። አንድ ሠፈር ያሉ ሁለት ሦስት ልጆች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብረው ከወጡ ደግሞ መብራቱ ወይም መስመሩ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

ዕቃ የምትመልሱት መቼ ነው? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጥፋቱ የሰርቨሩ ከሆነ ሁልጊዜ መልሱ። የተጫዋቹ ኔትወርክ ከሆነ አትመልሱ፤ ግን አትቅጡት፣ ስሙንም አታጥፉ። ተቃዋሚው በአግባቡ ያሸነፈውን ዕቃ መልሳችሁ ብትወስዱበት ሌላ ግፍ ነው። ይህ ለልጁ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሕጉ ላይ ይጻፍ።

መዝገቡ ሆን ብሎ እንደሚያደርገው ካሳየ ደግሞ ሰውነቱ መቅረቱ ብቻውን ይበቃል። ተጨማሪ እገዳ የሚያስፈልገው ክፍተት ፈልጎ ለሚያልፈው ሰው ነው፤ ለምሳሌ በስፓም ራሱን ለሚያስባርር። መጀመሪያ በግል አነጋግሩት። ከደገመ ለጥቂት ቀን ይታገድ።

ደካማ ኔትወርክ ላላቸው ተጫዋቾች የምትጽፉት

ከሕጉ ሥር አንድ አንቀጽ ለእነሱ ጨምሩ። ዝናብ ሲጥል ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ወደ ውጊያ ቦታ አትሂዱ። የዳታ ፓኬጃችሁ ሊያልቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሙሉ። ላፕቶፕ ካላችሁ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ራውተሩን በትንሽ ዩፒኤስ ማስኬድ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ መብራት ጠፍቶም ውጊያውን ትጨርሳላችሁ። ካልሆነ የስልካችሁን ሆትስፖት አዘጋጅታችሁ ተቀመጡ። ከተቋረጠባችሁ ቶሎ ተመለሱ። ሰውነታችሁ ገና ካልሞተ ከቀረው ልብ ጋር መልሳችሁ ትረከቡታላችሁ። ውድ ጥሩራችሁን ደግሞ ኔትወርኩ በሚያስቸግርበት ሰዓት ለብሳችሁ አትውጡ፤ ቼስት ውስጥ ይቆይ፣ በብረቱ ተጫወቱ።

ሥርዓቱ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መዝገቡን በየምሽቱ ተመልከቱ። ታግ ላይ የሚወጣው ሰው ካልቀነሰ ያልዘጋችሁት በር አለ ማለት ነው፤ ደረጃ 5ን እንደገና ሂዱበት። ከቅሬታዎቹ የሚበዙት ከስልክ ተጫዋቾች ከሆነ ደግሞ የጋይሰሩን ሎግ ከዋናው ሎግ ጋር አስተያዩና ሰውነቱ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 20 ሰከንድ ዝቅ አድርጉት።